ሦስተኛው ውርወራ

ጃንዋሪ 24፣ ረቡዕ

…እና ያኔ፣ አግብቼ ስሄድ፣ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አባባ በመስኮቱ በኩል የሆነ ነገር እየነገረኝ ነበር። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። ዣንጥላውን መክፈት እንኳ ረስቶ። ምን ነበር ያለው? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ «በርቺ» ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እዚያው ጣቢያ ስወርድ ግን… እንጃ።

ኪሉንግ፣ የተወለድኩባት የወደብ ከተማ፣ እንደተውኳት ናት። ዝናብ። ደረጃ። የወደቡ የናፍጣና የዓሣ ሽታ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ እማዬ ቤት ሁለት መቶ ምናምን ደረጃ ሻንጣ ተሸክሜ ወጣሁ። መሃል ላይ ሁለቴ አረፍኩ። ድሮ አላርፍም ነበር።

እማዬ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሻንጣውን ነው።

«ምነው? ለአዲስ ዓመት ዋዜማው እንኳ ገና አሥራ ስድስት ቀን አለ'ኮ።»

«ናፍቀሽኝ።»

«እኔ? እኔ ነኝ የናፈቅኩሽ?» ሳቀች። «ጫማሽን አውልቂ። ለስንት ቀን ነው?»

«ለጥቂት ቀን።»

ጥቂት ስንት ነው? ኖቬምበር ላይ ተፈራርመን ተለያየን፣ እኔና ባሌ ጂን-ሹን። እዚህ ማንም አያውቅም። ያገባች ልጅ ወላጆቿ ቤት የምትመጣው በጨረቃ አቆጣጠር አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ነው፣ ባሏን ይዛ። የዋዜማውን ራት እዚያ አትበላም። ከበላች የወንድሟን ቤት በረከት ይዛ ትሄዳለች ይባላል። የተፋታችም ያው ናት። አንዴ ወጥታለች። የባሏም ማዕድ ደግሞ የለም።

ታዲያ ፌብሩዋሪ 9 ማታ የት ነው የምበላው? ይህን አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። እስካሁን ጮክ ብዬ አላልኩትም።

ጃንዋሪ 25

ዘነበ። ሹራቤ ከትናንት ጀምሮ አልደረቀም። አየር የሚያደርቀው ማሽን ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ያጠራቀመውን ውኃ ሦስቴ ደፋሁ። ከአንድ ክፍል አየር ውስጥ ይህን ያህል ውኃ… ስንተነፍሰው ነበር ማለት ነው።

ጃንዋሪ 27፣ ቅዳሜ

ከእማዬ ጋር ገበያ። ካፖርት ለብሰን ወጣን፣ ካፖርት ለብሰን ተመለስን፣ ካፖርት ለብሰን በላን። ቤት ውስጥም ያው ብርድ ነው።

ዓሣ የምትሸጠው ሴት ገና ከሩቅ ጮኸች። «ልጅሽ ናት? ምነው፣ ዘንድሮ ሁለተኛው ቀን ቀደመ እንዴ?»

«መሥሪያ ቤቷ ነው የላካት» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከዓሣው ሳታነሳ።

«እዚህ? በዚህ ዝናብ? ምን ብታጠፋ ነው?»

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን እማዬ ለምን ዋሸች? ምንም አልነገርኳትም። ያልነገርኳትን ነው የሸፈነችልኝ…

ስንመለስ ወደቡ ጋ ቆም አለች። ጭልፊቶቹ ከመርከቦቹ በላይ ይዞራሉ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ። «እነሱም ቤታቸው አይደርቅላቸውም» አለች። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጇ አዛውራ መንገዷን ቀጠለች።

ጃንዋሪ 29፣ ሰኞ

ነገርኳት። ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

«እማ፣ ተፋተናል።»

ቢላው አልቆመም።

«መቼ?»

«ኖቬምበር።»

«መታሽ?»

«አይ።»

«ሌላ ሴት?»

«አይ።»

«ቁማር?»

«ምንም የለም እማ። ደከመን። በቃ፣ ደከመን።»

ቢላው ያን ጊዜ ቆመ። «ደከመን? እኔ ከአባትሽ ጋር አርባ ሁለት ዓመት ደክሞኛል። ደክሞኝ ነው የቀበርኩት። የት ሄድኩ?»

የሽንኩርቱን ቅጠል ለቀምኩ። ቆይታ፣ በሌላ ድምፅ፣ «ዋዜማውንስ?» አለች።

እሷም መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነው።

«ሆቴል እይዛለሁ።»

«ሆቴል!» መክተፏን ቀጠለች፣ አሁን በኃይል። «ቀስ ብለሽ አውሪ፣ አባትሽ ይሰማሻል።»

የአባባ ፎቶ ሳሎን፣ ከመሠዊያው በላይ ነው። ከሞተ አምስት ዓመቱ። እውነትም የሚያዳምጥ ይመስላል። በሕይወት እያለ ይህን ያህል አያዳምጥም ነበር።

ጃንዋሪ 30

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ምሳ ላይ በእኔ ሾርባ ውስጥ ሁለት እንቁላል ነበር። የወንድሜና የሚስቱ አንድ አንድ።

ፌብሩዋሪ 1፣ ሐሙስ

ኩን-ሄ ሰምቷል። ታናሽ ወንድሜ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኙ። ቤቱ አሁን የእሱ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የሚጠረግ ነገር ሳይኖር፣ «እኔ ግድ የለኝም እህቴ» አለ። «የፈለግሽውን ያህል ሁኚ። እኔ ምን ቸገረኝ። ብቻ ሚያኦ-ሩ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አያስፈልግም። ሚስቱ ሚያኦ-ሩ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ አራተኛ ወሯ። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። አንዱ በሦስት ወሩ፣ አንዱ በአምስት። ሁለተኛው ጊዜ እማዬ ደውላልኝ ነበር። አልመጣሁም። ሥራ ነበረብኝ። ምን ሥራ? አሁን ባስበው አይመጣልኝም።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አብረን ልብስ አሰጣን። ላይደርቅ።

«እትዬ፣ እኔ በዚህ የበረከት ነገር አላምንም» አለች። «እውነቴን ነው። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ'ኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ይስቁብኛል።»

«አውቃለሁ፣ ሚያኦ-ሩ።»

«ግን…» የተጨመቀ ካልሲ እንደገና ጨመቀች። «ዘንድሮን ብቻ። እትዬ፣ ዘንድሮን ብቻ።»

እኔም አላምንም። ታዲያ እሷ ደረጃ ስትወርድ ለምን ትንፋሼን እይዛለሁ? አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው የሚለኝ አይኖርም። ማንም አይለውም። ሁሉም ዝም ብሎ ሩዙን ይበላል… ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ፌብሩዋሪ 2፣ አርብ

ወደቡ አጠገብ ሆቴል ጠየቅኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ጓንት አጥልቃ ነው የምትጽፈው።

«ለዋዜማው? ለስንት ሰው?»

«ለአንድ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምግብ ቤቱ ያን ቀን ዝግ ነው፣ እህቴ። አካባቢውም ሁሉ ዝግ ነው። የሚበላ ይዘው ይምጡ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቴሌቪዥኑ ግን ጥሩ ነው።»

ያዝኩት። በአውቶቡስ ስመለስ መስኮቱ በትንፋሽ ታፍኖ ከተማው አይታይም። ሁለት ማቆሚያ አለፈኝ። ሃያ አምስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ውስጥ መውረጃዬ ጠፋኝ። አንድ ሽማግሌ «እንግዳ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ለምን አልኩ?

ፌብሩዋሪ 3፣ ቅዳሜ

ጠዋት አማልክቱን ሸኘን። የዓመቱን ወሬ ሊያወሩ ሰማይ ይሄዳሉ፣ አፋቸው እንዲጣፍጥ የሚያጣብቅ ከረሜላ ቀረበ፣ ወረቀት ተቃጠለ። መሠዊያውን ከወለወለች በኋላ እማዬ እጇን አደራርቃ፣ «አሁን የዋዜማውን ነገር አባትሽን እንጠይቀዋለን» አለች።

ኩን-ሄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ «እማ፣ አማልክቱ ሄደዋል'ኮ። ማን ሊመልስልሽ ነው?»

«አባትህ አምላክ ነው እንዴ? ታይፔ ሂድ ሲባል ወገቡን የሚያመው ሰው ሰማይ ይሄዳል?»

ሁላችንም ሳቅን። ሚያኦ-ሩም፣ ከወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ሆና።

ሙታን የሚጠየቁባቸው ሁለቱ ቀይ እንጨቶች። በአንድ ጎን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎባጣ። ሲወረወሩ ጠፍጣፋው ጎን የአንዱ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ከሆነ «እሺ» ነው። ሁለቱም ከተንጋለሉ አባባ ይስቃል፣ ጥያቄው አልገባውም። ሁለቱም ከተደፉ «አይሆንም»። እማዬ ሦስት እሺ በተከታታይ ካልመጣ አልቀበልም አለች። ለሚያኦ-ሩ ብላ ነው፣ ገብቶኛል።

«ስምሽን ንገሪው። አድራሻሽንም። ማን እንደሆንሽ ሳያውቅ ምን ይመልሳል?»

«አባባ፣ እኔ ዮው ፔይ-ሊንግ ነኝ። የምኖረው…»

አፌ ከእኔ ቀድሞ ታይቹንግ አለ። የጂን-ሹንን መንገድ፣ የጂን-ሹንን ቤት ቁጥር፣ ሰባተኛ ፎቅ። ሃያ አንድ ዓመት በየቤተ መቅደሱ ያልኩት ነው። ያልኩትን የሰማሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

እማዬ ወረወረች። ሁለቱም ተንጋለሉ።

«ይስቅብሻል! ይሳቅብሽ እንጂ፣ የሰው ቤት አድራሻ ሰጥተሽው! እንደገና።»

«የምኖረው…» የቱን ልበል? እንጨቶቹ ሳይሆኑ እኔ መሬት የወደቅኩ መሰለኝ። እማዬ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ ራሷ ተናገረችው። የዚህን ቤት። የመንገዱን ስም፣ ቁጥሩን፣ ጮክ ብላ። አባባ በመጨረሻ ዓመታቱ ጆሮው ከብዶት ነበር።

እሺ።

ደግማ ወረወረች። እሺ።

ሦስተኛው። አንዱ እንጨት ተንሸራትቶ ከወንበር እግር ሥር ገባ። ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ተደፍቷል። ሌላውም ተደፍቷል።

እማዬ ጎንበስ ብላ አየች። ዓይኗ ሞራ አለበት፣ ግራው በተለይ።

«አንዱ ተንጋሎ፣ አንዱ ተደፍቶ» አለች። ሁለቱንም ለቀም አደረገቻቸው፣ በፍጥነት… እንዲህ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም። «እሺ ብሏል አባትሽ። አለቀ።»

ኩን-ሄ ስልኩን እያየ ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ ስዞር ደፉ ላይ ሰው የለም።

እማዬ ሞራው ነው? ወይስ አይታ ነው? እንዴት ይጠየቃል? ዋሸሽ ወይ፣ ለዚያውም ለሞተ ባልሽ…

ፌብሩዋሪ 5

ዝናብ። ሆቴሉን አልሰረዝኩም።

ፌብሩዋሪ 7፣ ረቡዕ

እማዬ መስኮት እያጠበች ለጎረቤቷ ትጮሃለች። «ልጄ ዋዜማውን ከእኛ ጋር ናት! አባቷ ራሱ ነው የፈቀደው! ሦስቴ!» በጣም ትጮሃለች። ጎረቤቷ ሳትጠይቃት ነው የምትነግራት።

ሚያኦ-ሩ ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ ትዞራለች። ሆዷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ እኔ። የምታውቀው አይመስለኝም እንዲህ እንደምታደርግ። ዓይኗ ያበጠ ነው። ራት ላይ «ሽንኩርት ነው» አለች። ዛሬ ሽንኩርት አልተከተፈም።

ፌብሩዋሪ 9፣ አርብ፣ ዋዜማ

ጠዋት እማዬ ገበያ ወጣች። ኩን-ሄ ሞተር ሳይክሉን ሊያሳጥብ ሄደ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ወረቀት ትቼ ልሄድ አስቤ ነበር፣ ከ«እማዬ» በኋላ ምን እንደምጽፍ አጣሁ።

ሚያኦ-ሩ በሩ ጋ ቆማለች።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«የረሳሁትን ልገዛ።»

«ሻንጣ ይዘሽ?»

ጫማዬን አጠለቅኩ።

«እኔም አይቻለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንጨቱን። ሁለቱም ተደፍተው ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ እሱን ብቻ ነው የማየው።»

«ለዚህ'ኮ ነው የምሄደው።»

«ሂጂ።»

ሻንጣውን አነሳሁ። ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለችም።

«በመጀመሪያው እርግዝና» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «በዚህ ቤት ሚስማር አልተመታም። አልጋ አልተነቃነቀም። በሁለተኛው መቀስ እንኳ አልነካሁም። ጥፍሬን ኩን-ሄ ነበር በጥርሱ…» ሳቅ መጣባት፣ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተበላሸ። «የተባልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ እትዬ። ሁሉን። ያኔ አንቺ አልነበርሽም። በማን ላይ ላሳብበው?»

አላቀፍኳትም። እሷም አልነካችኝም። ታች መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ አለፈ።

«መፍራት ሰልችቶኛል» አለች። «እፈራለሁ። ግን ሰልችቶኛል።»

ከዚያ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደችና ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። በሁለት እጇ። ከባድ ነገር አታንሺ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ወጥ ቤት ዝንጅብል የሚልጥ የለም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ደወልኩ። ያችው ልጅ ናት ያነሳችው። «ይሰረዝ? እሰይ» አለችና መልሳ ይቅርታ ጠየቀች።

እማዬ ሳህን ስትደረድር አራት ሆነ። «አራት» ሲጠራ «ሞት» ይመስላል፣ በዓል ላይ አይደረደርም። አምስተኛ ጨመረች። ማንም የማነው አላለም። ሚያኦ-ሩ ብቻ ሳህኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወደ መሃል ገፋ አደረገችው።

አሁን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ጓዳ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። እጄ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። እፈራለሁ? አዎ። አሁንም ተነስቼ መውጣት እችላለሁ… ከሳሎን የወንበር ድምፅ። እማዬ ኩን-ሄን ሾርባውን ቀምሰሃል ብላ ትቆጣዋለች። አልቀመስኩም ይላታል፣ አፉ ሞልቶ።

«ሁሉም ገብቷል?» የኩን-ሄ ድምፅ፣ ከበሩ።

ማንም አይመልስም። እማዬ እንኳ። እስክርቢቶዬ ቆመ።

«ገብቷል» አለች ሚያኦ-ሩ። «ዝጋው።»

በሩ ተዘጋ።