የጠፋኝ የክርስትና ስምሽ

እማዋይሽ ሆይ፣ ይህን የምትጽፈው የጎረቤታችን የሑሴን ልጅ ዘሀራ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የእኛን ሰው ለምን አላስጻፍክም ትይኝ ይሆናል። አፍሬ ነው። የእኛ ሰው ቢጽፈው በማግስቱ ደጀ ሰላም ላይ ይወራል። ዘሀራ መምህር ሆናለች፤ እንደ አባቷ አፏን የያዘች ናት።

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ አለ፣ ጣራውም አያፈስም። ዶሮዎችሽን ለሰው ሰጠኋቸው፤ ጓዳ እየገቡ አንቺን ሲፈልጉ ማየት አልቻልኩም። መንገዱን ባጃጅ ስለሞላው ደጅ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ ትቻለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወደ ኋላ ተመልሻለሁ፣ እማዋይሽ። ከቁርባን ከቀረሁ ዓመት አለፈኝ።

ነገሩ የተጀመረው በወተት ነው። አርባሽ በወጣ በሳምንቱ ወተት የምታመጣልን ሴት አመጣችልኝ፣ ጠጣሁ። ሑሴን ሊጠይቀኝ ብቅ ብሎ ጣሳውን አየና፣ «አያ ደምሴ፣ ዛሬ ሮብ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እስላሙ ጾሜን ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ለካ ሮብና ዓርብ ወተቱን ለእርጎ የምታስቀምጪው አንቺ ነበርሽ። እኔ የቀረበልኝን በላሁ እንጂ ጾሜ አላውቅም።

ይህ ስሕተት ነበር። ለንስሐ አባታችን ብናገር በጥቂት ስግደት ያልቅ ነበር። ግን ጾም ገደፈ እያልኩ ስንቱን በማኅበር መሐል ያዋረድኩ ሰውዬ፣ ልጄ ለሚሆን ቄስ ወተት ጠጣሁ ልበል? አላልኩም። በሚቀጥለው ሮብ ደግሞ እያወቅኩ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መቆሚያዬ እየራቀ ሄደ። ከውስጥ ወደ ዐጸዱ፣ ከዐጸዱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ያን ቅጥር የገነባሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው ድንጋይ የት እንዳለ በጨለማ አውቃለሁ። ሳልፍ እሱን እሳለም ነበር። አሁን በሌላ መንገድ ነው የምዞረው።

የቆረብን ለት ትዝ ይልሻል? ሁለት ሽበታሞች ነጭ ለብሰን ስንመለስ ሑሴን በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደገና ሙሽራ ሆናችሁ ብሎ ሳቀብን። አንቺ በነጠላሽ ተሸፈንሽ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ደምሴ ተለወጠ፣ ምላሱ ለሰለሰ ይል ጀመር። እኔም አመንኩ። የጨፋ ሜዳ ማሽላ አንዳንድ ዓመት አገዳው ሰው ይሰውራል፤ ቀና ብለሽ ስታይው ግን ራስ የለውም፣ ለከብት ይታጨዳል። እኔ ያ ነኝ። ሰው በእኔ ላይ ያየው ፍሬ የአንቺ ነበር።

ንስሐ አባታችን ሁለት ጊዜ መጥተዋል። መጀመሪያ ሑሴንን ባቲ ሄዷል በልልኝ ብዬ ብለምነው፣ እኔ ለቄስ አልዋሽም አለኝ። ስለዚህ አልጋ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ታመምኩ። እሳቸውም እግዜር ይማርዎ ብለውኝ ሄዱ። ሁለተኛው ላይ እንቅልፍ የወሰደው መሰልኩ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከወር ወዲህ የመጣብኝን ነው። አንድ ማለዳ፣ ለራሴ ባልጸልይ እንኳ ለእሷ ልጸልይ ብዬ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ቆምኩ። የሞተ ሰው በክርስትና ስሙ ነው የሚጸለይለት። ወለተ ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ወለተ ማን? ወለተ ማርያም ብል አይሆንም፣ ወለተ ኪዳን ብል አይሆንም። ስንቆርብ ከጎንሽ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ፍትሐትሽ ላይ ስንት ጊዜ ተጠራ። ጠፋኝ፣ እማዋይሽ። አምላክ የሚያውቅሽን ስም ጣልኩት።

ማንን ልጠይቅ? ልጅ አልሰጠን፣ ወንድሞችሽ አልቀዋል፣ የክርስትና እናትሽም አርፋለች። የሚያውቁት ንስሐ አባታችን ብቻ ናቸው። ዘሀራ እኔ ሄጄ ልጠይቅልዎ ብላኝ ነበር፤ የሚስቱን ስም በሰው ያስጠየቀ ልባል ብዬ ጮህኩባት። ባለፈው እሑድ ራሴ ሄድኩ። ከደጃቸው ደረስኩ። ከውስጥ ሳላቸው ይሰማል። ስሙን ብጠይቃቸው የት ከርመው ነው ይሉኛል። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት፣ ተመለስኩ። ነገም ብሄድ እንደዚያው እንዳልሆን ምን ዋስትና አለኝ?

አንቺን አልረሳሽም። ሳቅሽን፣ ስትቆጪ ዝም የምትይውን፣ እጄ በኖራ ሲላጥ ቅቤ የምትቀቢኝን እስክሞት ይዤው እኖራለሁ፤ ይህን ቃል እሰጥሻለሁ። ጠዋት ጠዋትም እማዋይሽ እያልኩ እጸልያለሁ። ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

ዘሀራ፣ ወለተ ካልኩት ቀጥሎ ቦታ ተዪልኝ፤ የአንድ ስም ያህል። አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፣ ቀስ ብለሽ።