ኃይል ሲያጣ «መከፈት ያቅተዋል» ስለተባለው የግድብ በር

ለተከበሩ አቶ የርሙንድ ስታርዳል፣
የስኩግዳል ሸለቆ የውኃ ኃይል ማመንጫ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንዳልተጓደሉ ተስፋ አደርጋለሁ። በአገራችን በኖርዌይ አለቃን በስሙ ጠርቶ «አንተ» ማለት ከተለመደ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ እኔ ለእርስዎ ስል ከአያቶቻችን ጋር የቀበርነውን «እርስዎ» ቆፍሬ አውጥቻለሁ፤ እንደ ቅርብ ሰው ልጠራዎት አፌ እምቢ ብሎኛልና።

ቶርዲስ ሜላን እባላለሁ። የኩባንያዎን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ወደ ኖርዌይኛ ስመልስ የኖርኩ ተርጓሚ ነኝ፤ ባለፈው መጸው ከግድቡ በታች ባለው ቦይ ውስጥ የሞተው የኦድቫር ታላቅ እህትም ነኝ። ስለ ሞቱ ያወጣችሁትን የምርመራ ሪፖርት በአክብሮት ስላነበብኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር በአደባባይ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

፩. ሥራዬን ለትርጉም ማሽን ሰጥተው የኩባንያውን ወጪ ስለቀነሱ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ላይ አስቆንም ነበር። እንግሊዝኛ ውኃ የሚወርድበትን ከፍታና የሰውን ጭንቅላት በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ማሽንዎ «በቱቦው ውስጥ የሚባክን ከፍታ» መባል የነበረበትን «በቱቦው ውስጥ የሚጠፋ ጭንቅላት» ብሎ አተመልን። ኦድቫር ምሳ ላይ ቡናማ አይቡን በዳቦው ላይ እየከመረ፣ «ጎበዝ፣ አለቆቻችን የት እንደጣሉት ታወቀ!» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ በሳቅ ገደለው።

፪. ስላዳመጡኝም አመሰግናለሁ። ስለ አዲሱ የግድብ በር የሚናገረውን ገጽ ይዤ ቢሮዎ የመጣሁበትን ቀን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝኛው በሁለት አጫጭር ቃላት፣ በሩ ኃይል ሲያጣ በራሱ ይከፈታል ይላል፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ጎርፍ ቢመጣ ግድቡን እንዳያፈርሰው ታስቦ ነው እንዲያ የተሠራው። ማሽንዎ ግን የመጀመሪያው ቃል «አቃተው» ማለትም ስለሚሆን፣ እነዚያኑ ቃላት «ኃይል ሲያጣ መከፈት ያቅተዋል» ብሎ ገለበጣቸው። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «ቶርዲስ፣ ሁለት ቃል ናት እኮ! መሐንዲሶቹ ይገባቸዋል» አሉኝ። «መሐንዲሶቹ እኮ ቦዩ ውስጥ አይወርዱም» ብዬ መለስኩ። ያን ጊዜ ከወንበርዎ ተነሥተው እጄን ጨበጡና፣ «በቃ፣ ለሠራተኛው ከመታደሉ በፊት ይታረማል፤ ቃሌ ነው» አሉኝ። አመንኩዎት። እጅዎ ሞቅ ያለ ነበር።

፫. ይህኛው ረዘም ስለሚል ቢቀመጡ ይሻላል። በመጸው የተነሣው ዐውሎ ነፋስ የጣለው ግንድ ቦዩን ዘግቶት ስለነበር፣ ኦድቫርና ባልደረባው ሃልዶር እንዲያጸዱት ተላኩ። ሰው ቦዩ ውስጥ ሲሠራ በሩ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ኦድቫርም ያደላችሁትን የመመሪያ መጽሐፍ አንብቦ ነበርና፣ ለራሱ ደኅንነት ብሎ ወደ በሩ የሚሄደውን የመብራት ኃይል በገዛ እጁ አጠፋ። በሩን ዘግቶ የያዘው የዘይት ግፊት እስኪረግብ ጥቂት ይቆያል፤ ስለዚህ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሃልዶር ዳር ላይ ገመድ ይዞ፣ «አንተ፣ እርግጠኛ ነህ?» ቢለው፣ «አንተም አንብበኸዋል እኮ! መብራት ከሌለ አይከፈትም። ይልቅ ቡናዬን እንዳትጨርስብኝ» እያለ ወረደ።

ግንዱን ማንሣት እንደጀመረ ከላይ የበሩ ብረት ሲጢጥ አለ። «ውጣ! ኦድቫር፣ ውጣ!» ብሎ ሃልዶር ገመዱን ሳበ። ወንድሜ ቀና ብሎ በሩን ሲያይ ፊቱ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ይመስል እንደነበር ሃልዶር እያለቀሰ ነግሮኛል። ውኃውና ግንዱ አብረው መጡ፤ ገመዱ ተበጥሶ ሃልዶር እጅ ላይ ቀረ።

ቦዩ ከሚፈስበት ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ ከሚታሰርበት አጠገብ አገኙት። ባለቤቱ ሲኖቨ ልትለየው መጥታ እጁን በሁለት እጆቿ ይዛ፣ «በርዶታል እኮ፤ ምነው ጓንት ያጠለቀለት ሰው ጠፋ?» አለች።

፬. ሪፖርቱ «ሠራተኛው መመሪያውን በትክክል አልተረዳም» ስለሚል በተለየ ሁኔታ አመሰግናለሁ። ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ የተጻፈለትን ፊደል ሳያዛንፍ ተረድቶታል፤ የሞተውም ስለተረዳው ነው። ያ ገጽ ከቀብሩ በኋላ ኮሽ ሳይል መታረሙንም አይቻለሁ፤ ቃልዎን የሚጠብቁ ሰው መሆንዎን ማንም ሊክድ አይችልም።

ይህ ሳያንስ፣ ያንኑ ሪፖርት በሩን ለሠራው የውጭ ድርጅት ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ከቢሮዎ ተጠየቅኩ፤ ለካ ሰውም አንዳንዴ ያስፈልጋል! ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስኩት። ከግርጌው ግን ለሠራተኞቹ የታደለውን ዓረፍተ ነገር፣ በማስታወሻ፣ እንዳለ ተርጉሜ አስቀመጥኩ። የድርጅቱ መሐንዲስ ደንግጣ ደወለችልኝ። «እኛ እንዲህ አላልንም! ይህን ያነበበ ሰው እኮ ቦዩ ውስጥ ከመውረዱ በፊት መብራቱን ያጠፋል» አለችኝ። «አጠፋው» አልኳት። በኋላ እሷም ሃልዶርም ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጡ፤ ምርመራውም እንደ አዲስ ተጀምሯል።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርድ እስኪሰጥ ሳይጠብቁ «መመሪያውን በትክክል አልተረዳም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ያውጡ። ሲኖቨ ወደ ገበያ ስትወጣ የሸለቆው ሰው የሚያዝንላት ማንበብ ያቃተው ሰው ሚስት አድርጎ ነው። ይህንን መሸከም የለባትም።

ለከፍተኛ ሥልጣንዎ፣ ለለሰለሰ አንደበትዎና ለማይናወጠው እርጋታዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ በፍርድ ቤቱ አዳራሽ ፊት ለፊት ተቀምጬ እጅ እስክነሣዎት ድረስ በናፍቆት የምጠብቅዎት፣

ቶርዲስ ሜላን

ማሳሰቢያ፦ የንብረት ክፍልዎ ሲኖቨ የሟቹን የሥራ ጫማ እንድትመልስ የጻፈላት ማስታወቂያ ደርሷታል። አንዱ እግር ቤቷ አለ፤ ሰው ልከው ይውሰዱት። ሌላውን ውኃው እስካሁን አልመለሰውም፤ እባክዎ ወርደው ይጠይቁት።