አጎታችን ያለቀሱባቸው ስፒከሮች

ቂርያት ጋት፣ ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ለወንድሜ ለኤቭያታር፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ጋ ብርዱ ጠንቷል፤ አንተ የምትሠራበት ኤይላት መቼም ሙቀት ነው። በስልክ የላክሁልህ ሁሉ ሳይደርስህ አንድ ምልክት ብቻ አሳይቶ ስለቆመ፣ አባዬ ባስተማረን ፊደል በወረቀት ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ስፒከሮቹን ገዝቻቸዋለሁ። የትኞቹን እንደመረጥኩ ሳትሰማ ስለቀረህ መጀመሪያ እሱን ልንገርህ።

ምክርህን አልረሳሁም። ሆቴል ውስጥ ለሰርግና ለስብሰባ ድምፅ የምትዘረጋው አንተ ነህ፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምን አውቃለሁ? «ሱቅ ውስጥ መብራት የሚያብለጨልጨውን አትንካ» ብለኸኛል። «ካለን ገንዘብ አብዛኛው ለስፒከሩ ይሁን። ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ትልቅ ስፒከር የሚያናግረው ግድግዳውን ነው። በደንብ የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ ሂድ፤ የማታውቀው ዘፈን በማንኛውም ያምራል። መጀመሪያ የሰው ድምፅ ስማ፤ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ያታልላል። ደግሞ ሻጩ ፊት አትደሰት፤ ጥርስህን ባየ ቁጥር ዋጋ ይጨምርብሃል።»

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካርሜ ጋት ሰፈር ከሚኖረው ከኤፍራይም ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ጡረተኛ ነው፤ ሁለት ዓይነት ስፒከርና አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ይሸጣል። ከትምህርት ቤት ስወጣ አጎታችን ስመኘው መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ይጠብቁኛል።

«ግባ፣ እኔ አደርስሃለሁ» አሉኝ።

«የት?»

«ያን ሳጥንህን ልንገዛ ነዋ!»

ታውቃቸዋለህ። «ለሁለት የእንጨት ሳጥን ይህን ያህል ገንዘብ! ሬዲዮ ካማራችሁ የእኔን ውሰዱ» እያሉ ሲስቁብን የከረሙ ሰው ናቸው። የፋብሪካ ፈረቃቸውን ትተው መምጣታቸው ገረመኝ፤ ግን ደስ አለኝ። ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ተደስቼ አላውቅም፤ አሁን ይህን ስጽፍልህ ይቀፈኛል።

«ኤቭያታር ከጧት ጀምሮ መልስ አልሰጠኝም» አልኳቸው መኪናው ውስጥ።

«ሥራ ላይ ይሆናላ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

የኤፍራይም ቤት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። እንዳልከኝ ዘፈኔን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። የመጀመሪያዎቹ ቡናማና ትልልቅ ናቸው፤ ቤዛቸው ሆድ ያንቀጠቅጣል። ሁለተኛዎቹ ትንንሽና ጥቋቁር ናቸው፤ የአንዱ ጠርዝ ተጭሯል። በእነሱ ስሰማ ዘፋኟ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ፤ ግን ድምፃቸው ቀጠነብኝ። ሦስት ጊዜ አፈራርቄ ሰምቼም መወሰን አቃተኝ።

«አጎቴ፣ አስመሸሁዎት አይደል?»

«ምንም አይደለም። ደግመህ ስማ።»

ጥቋቁሮቹን ደግሜ ስሰማ ዓይኔን ገለጥኩ። አጎታችን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። ኤፍራይም ትከሻዬን መታ አደረገኝና «አየህ? ሰው የሚያስለቅስ ስፒከር ነው! ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እውነት ነው አልኩ፤ የሰውየውን ልብ ካገኘው ጥሩ ስፒከር ነው። በዚያው ወሰንኩ፤ ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር ገዛኋቸው። ሊፍቱ ውስጥ ሆኜ «አጎት ስመኘው አለቀሱ! ጥቋቁሮቹን ወሰድኩ!» ብዬ ላክሁልህ፤ አምስት የሳቅ ፊት ጨምሬበት።

ከሞትክ አራት ሰዓት አልፎህ ነበር።

ወደ ኤይላት በሚወስደው አራቫ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲገጭህ እኔ ሒሳብ ክፍል ነበርኩ። ፖሊሶቹ ቤታችን መጥተው ሰው አላገኙም፤ ጎረቤት ወደ አጎታችን ላካቸው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና፣ እንደ ልማዱ፣ መርዶው ጎህ ሲቀድ ይነገር አሉ። እስከዚያ እኔን ይዞ መቆየት የአጎታችን ድርሻ ሆነ። ያን ዕለት አባዬና እማዬም ከሥራ መጥተው፣ እራት በልተው፣ ስፒከሮቹን በጣታቸው አንኳኩተው ተኙ። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ደረጃው ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞላ። እማዬ በሩን ከፍታ ሁሉንም አንድ ላይ ስታያቸው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ወደቀች።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን አጎታችንን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ደግመህ ስማ ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«እስኪነጋ ወንድም እንዲኖርህ ብዬ።»

«ወንድም አልነበረኝም። ሞኝ ነው ያደረጉኝ። ስፒከሮቹን ይውሰዷቸው፣ አልፈልጋቸውም።»

አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል። «እናቴ ሱዳን ላይ መሞቷን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው» አለኝ። «እዚህ አገር፣ እህቴ ሰርግ ላይ፣ እናቴ እየመጣች ነው እያልኩ ጨፍሬአለሁ። ሰርገኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጄ፣ በዚያ ጭፈራ አልቆጭም።»

«እኔ እቆጫለሁ» አልኩት። አጎታችን አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ስፒከሮቹንም አልወሰዱም፤ አልጋህ ሥር ገፋኋቸው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ተመካከሩ። እማማ ሙሉዬ፣ የእማዬ እናት፣ ዳሌያቸውን ተሰብረው አሽቀሎን ማገገሚያ እንደተኙ ናቸው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ቤታቸው እስኪገቡ አይነገራቸው ተባለ። «እኔ አልዋሽም» አልኩ ሰው ሁሉ ፊት። «ከደወሉልኝ እነግራቸዋለሁ። እንደኔ አይሆኑም።» እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

ትናንት የለቅሶው ሰባት ቀን አለቀ። ወንበሮቹን መለሱ፤ ሰዉም ሄደ። ዛሬ ጧት አባዬ ወደ ፋብሪካ፣ እማዬ ወደ መዋለ ሕፃናቱ ሄዱ። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብያቸው ነበር፤ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ አልጋህ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ስልኬ ጮኸ።

«ኔሪያዬ?»

«አቤት እማማ።»

«በዚህ ሰዓት ታነሳለህ? ትምህርት የለም እንዴ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«አፈር ልብላልህ! ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ። ያ ወሮበላ ወንድምህስ? ቆላ ወርዶ ቀረ። ሳምንት ሙሉ አልደወለልኝም፤ ሴት አግኝቶ ነው በለኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ጧት ነው፤ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው። ቃሉን ሰባት ቀን ሙሉ ሳዘጋጀው ቆይቻለሁ።

«ሥራ በዝቶበት ነው እማማ» አልኩ።

«ይሁን፣ ይሥራ። ያን የምታወሩለትን መዝፈኛ ገዛችሁት?»

«ገዛነው።»

«ይናገራል ወይስ ብራችሁን በልቶ ዝም አለ? እስቲ አሰማኝ።»

«ትንሽ ይቆያል እማማ፣ ገና አልተቀጠለም።»

«ቀጥለዋ! እኔ በዚህ እግሬ የት እሄዳለሁ?»

ሰው ሲሞት በቤታችን ሠላሳ ቀን ዘፈን አይሰማም። ስልኩን ትራስህ ላይ አስቀመጥኩና ስፒከሮቹን ከአልጋህ ሥር ጎተትኳቸው። ከግድግዳው አራቅኋቸው። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኘሁ። ዘፈኑን ከኮምፒውተሬ ከፈትኩ። ድምፃቸው አልቀጠነም፣ ኤቭያታር። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ሳይቀር ይሰማል። ይህን መስማት የነበረብህ አንተ ነህ።

ስልኩን በሁለቱ መካከል ያዝኩት።

«እሰይ!» አሉ እማማ። «እሰይ የኔ ልጆች! ለሁለታችሁም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ!»

ያኔ በሩ ተደበደበ። ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ትሁን ናቸው። «እናንተ! ለቅሶ ቤት ዘፈን? የልጁ አፈር ሳይደርቅ?» እያሉ ይጮኻሉ። ስልኩን ወደ አንዱ ስፒከር አስጠጋሁትና፣ ጩኸታቸው እማማ ጆሮ እንዳይገባ፣ የዘፈኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።

ወንድምህ ኔሪያ