የአምሳ አለቃ ዘብ

ጥር 6
ዛሬ ፀጉሬን ተቆረጥሁ። ፀጉር አስተካካዩ «አባባ፣ ምን የቀረ አለና ነው?» አለኝ። አፍህን ያዝና ቁረጥ፣ አልኩት።
ማንበብ መጻፍ አልችልም፤ ልጄ ትጽፍልኛለች። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።
ስመለስ አምሳ አለቃን አየሁት፣ የጦር ሜዳ ጓዴን። በቤቱ በር ቆሟል። ጠመንጃውን አንግቷል። ምን ትጠብቃለህ? ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀኝ ሰው... እንደ እንግዳ።

ጥር 9
ባለቤቱ መጣች። «ጋሼ፣ እባክዎ ጠመንጃውን ይውሰዱልኝ። ጥይት ጎርሷል። ልጆቹንም እየለየ አይደለም።»
የወታደር መሣሪያ ከእጁ አይነጠቅም፣ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች።
ምን ዓይነት ሰው ነበር? ጻፊ። እግሬን ተመትቼ ስወድቅ ተሸክሞ ያወጣኝ እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ «አንተ ድንጋይ፣ ምን በልተህ ነው እንዲህ የከበድከው?» እያለ ሲሰድበኝ። ከጦር ሜዳ ተመልሶ አናጺ ሆነ። ሚስቱ በማለዳ ፋብሪካ ስትገባ የሴት ልጆቹን ፀጉር የሚጎነጉነው እሱ ነበር። ያ መዶሻ የለመደ እጅ! ሰፈርተኛው ሲስቅበት «የእናንተም ሴቶች ይምጡና ይሰለፉ» ይል ነበር።

ጥር 12
አሁንም ቆሟል። ውርጭ እየመታው።

ጥር 15
ተኮሰ።
ሹፌር የሆነው ወንድ ልጁ ሊጠይቀው መጥቶ ነው። በጠራራ ፀሐይ። «ቁም! የይለፍ ቃሉን ተናገር!» አለው። ልጁ ሳቀ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!» ጥይቷ ጆሮውን ታክካ ግድግዳ ውስጥ ገባች።
ባለቤቱ ከመንገዱ ማዶ አየችኝ። ያ አስተያየቷ ከስድብ ይከብዳል።

ጥር 16
ሄድሁ።
ዘብ የቆመ ሰው መሣሪያውን ለጄኔራልም አይሰጥም። ቃሉን ይዞ ለመጣ ተለዋጭ ዘብ ብቻ። በእኛ ጦር እንዲህ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ቀረብሁ። «ቁም!» አለ። አፈሙዙ ወደ ሆዴ። የቆሰልሁበት ክረምት ቃል ትዝ አለኝ... ባይሆንስ?
«ሎሚ» አልኩ።
ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። «እስካሁን ምንም አልታየም። ግን አይቀሩም፣ ይመጣሉ።» ጠመንጃውን አስረከበኝ። ገብቶ እንደ ሕፃን ተኛ።
ሚስቱ እጄን ስማ አለቀሰች። ኮራሁ። ለምን አልኮራም?

ጥር 19
አልተነሳም። ሐኪሙ «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» ይላል። ምን ዓይነት ዕረፍት ነው?

ጥር 21
ሞተ።
ቆሞ ሳለ ደህና ነበር። እኔ እስክለውጠው ድረስ ደህና ነበር።

ጥር 27
ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጠመንጃውን ለፖሊስ እንስጠው፣ ትላለች ልጄ። «እሺ፣ ቢያንስ ጥይቱን አውጣው፣ አባዬ።» ተረክቤዋለሁ እኮ! የተረከበ ሰው ጥሎ ይሄዳል?
ከጓሮ በኩል ኮቴ ሰማሁ። ድመት ነው፣ አለች።
ድመት ቦት ጫማ ያደርጋል?

የካቲት 2
በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ልጄ ከስፌት ቤቷ መጥታ አንኳኳች።
ቁም! አልኩ።
ማንኳኳቷን አቆመች። ከዚያ «ሎሚ፣ አባዬ» አለች። «ልለውጥህ መጣሁ።»
ብልጥ ናት። ቃሉን የጻፈችው እሷ አይደለች? እጄ ሊዘረጋ ነበር። ግን የተለወጠ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ...
ቃሉን ቀይሬዋለሁ። አዲሱን ለማንም አልናገርም። ለዚህ ጽሑፍም ቢሆን።
መስኮቱን ገርበብ አድርጌላታለሁ። ውጭ ቆማ ትጽፋለች። «አባዬ፣ በሩን ክፈትልኝ» ትላለች።
አንቺ ጻፊ፣ አልኳት። እዚያው ሁኚ። እንዳትጠጊ።