ዣን ዳርክ በአውሮራ ተጠመቀች

ፀዲዬ፣ አሜሪካ አውሮራ እህቴ ጋ ለዕረፍት መጥቼ ጨጓራዬ ተልጦ ልመለስ ነው!

የእህቴ ልጅ አቢጊያ በትምህርት ቤቷ ቲያትር ላይ ዣን ዳርክን ልትሆን ነው፤ ያቺን ሠራዊት መርታ ያዋጋችውን፣ ኋላ በእሳት ያቃጠሏትን የድሮ ፈረንሳዊት ልጃገረድ። ዛሬ ጠዋት እኔ እንድሰማት ብላ በአማርኛ ስትለማመድ፣ ከፎይል የሠራችውን ጥሩር ለብሳ ሳሎን መሃል ተንበረከከችና «ቅዱስ ሚካኤል ያናግረኛል፤ ድምፁ ይሰማኛል» አለች። ይህን ጊዜ የእህቴ ጎረቤት እትዬ የምሥራች ከች አሉ።

«በስመ አብ! ልጅቷን ያዙልኝ!»

እኛ ሰፈር ቢሆን እንጦጦ ጠበል እስክንደርስ አስረዳቸው ነበር። እዚህ ጠበሉ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ይጠብቃል። «ኧረ ቲያትር ነው!» እያልኩ ስለፈልፍ ጠርሙሱን ሙሉ ገለበጡባት። እህቴ ደግሞ፣ የገዛ እናቷ፣ ትከሻዋን ይዛ ታስጠምቃታለች!

አቢጊያ ውሃው ከፎይሏ እየተንጠባጠበ፣ «ዣንን እንኳ ዳኞቿ ለወራት ጠይቀዋታል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለችን።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጅሽን መቅደላዊትን ግን፣ ሕክምና መማር ተወች ብለሽ ጠበል ከመውሰድሽ በፊት፣ እባክሽ «ለምን?» ብለሽ ጠይቂያት።

ጥሩሰው