ወይዘሮ ሠርክአዲስ ደረሰን እና አሥራ ሁለቱን የሙከራ መሬቶች ስለሚመለከት ከማኅበራችን የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የጅጋና አካባቢው የተፈጥሮ ደን ጠባቂዎች ማኅበር የሙከራ መሬቶቹን ነድፈው ለአሥራ ስምንት ዓመታት የመሩትን የዕፅዋት ተመራማሪ ወይዘሮ ሠርክአዲስ ደረሰን የካቲት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በሞት አጥቷል። ሐዘናችን ከባድ ነው። አብረናቸው በመሥራታችን ግን እንኮራለን፤ ይህንንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

በ1988 ዓ.ም. ወደ እኛ ሲመጡ የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር፦ በእርሻ የተቆራረጠ ደን በጠባብ የዛፍ መተላለፊያ ቢገናኝ የዱር ዕፅዋቱ ዓይነት ይበዛል ወይ? ስድስት ጥንድ መሬት ከከብት አስከለሉ። ከየጥንዱ አንዱ ከአቅራቢያው ደን ጋር ተገናኘ፤ ሌላው ለብቻው ቀረ። ልዩነቱ ከስፋት የመጣ ነው እንዳይባል፣ ለብቻው በቀረው ላይ የመተላለፊያውን ያህል መሬት ጨመሩበት። የትኛው ይገናኝ የሚለውንም እርሳቸው አልመረጡም፤ መሬት ስንካፈል እንደምናደርገው በሕዝብ ፊት ዕጣ አስወጡ።

በ1992 ዓ.ም. ክረምት ማኅበራችን ጥፋት ሠራ። ከስድስተኛው ጥንድ ለብቻው የቀረው መሬት አሳዝኖን ሦስት መቶ የወይራና የጽድ ችግኝ ተከልንበት። ያስደሰትናቸው መስሎን ነበር። አባላችን አቶ ላቀው ቂርቆስ «እትዬ ሠርክአዲስ፣ ይኼ መሬት ምን በድሎ ብቻውን ይቀራል?» ቢሏቸው፣ «መሬቱማ ምንም አልበደለ፤ ሊመሰክር ሲል እናንተ አፉን ዘጋችሁት» አሉ። ችግኙን አላስነቀሉም። ስድስተኛውን ጥንድ ግን ከስሌቱ አወጡ፤ ምክንያቱንም በግልጽ ጻፉ። ዕቅዱ ስድስት ይላልና ይካተት ብለው የወተወቷቸው ነበሩ። አልተቀበሉም።

በ2000 ዓ.ም. ቆጠራ በአምስቱም ጥንዶች የተገናኘው መሬት በለጠ። በአማካይ ስልሳ አንድ ዓይነት ዕፅዋት ተገኘበት፤ ባልተገናኘው አርባ ሰባት። የቆጠሩት ከእርሳቸው የተማሩ አርሶ አደሮቻችን ናቸው። የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ይቁጠር።

በ2003 ዓ.ም. በቡሬ ዙሪያ ያሉ አራት ቀበሌዎች በዚሁ ውጤት ተነሥተው ደኖቻቸውን ማገናኘት ጀመሩ።

ለባለቤታቸው ለመምህር ወልደ ዮሐንስ፣ ለልጃቸው ለእህተ ማርያም፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውም ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥ።

በቀብራቸው ዕለት ብዙዎች ለመታሰቢያቸው በመጪው ክረምት ያልተገናኙትን መሬቶች በዛፍ እናገናኝ ብለዋል። ፍቅራቸውን እናውቃለን። ማኅበሩ ግን አይፈቅድም። የሃያ ዓመቱ ቆጠራ በ2008 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ አንድም ችግኝ አይተከልባቸውም።

ወንዳወቅ ይታገሱ
የማኅበሩ ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም