ጥቁሩ ዳጉሳዎ ተገኘ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ማስረሻ፤ ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል አለልዎ? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? ዝናቡስ በጊዜው ጣለላችሁ? እኔ ልጅዎ የዝናሽ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ዐፊፋን ያስታውሷታል? ተማሪ ሳለች ስለ ዘር ልትጠይቅዎ መጥታ ቤታችን ሦስት ቀን የሰነበተችው የበርታ ልጅ ናት። ከጥቁሩ ዳጉሳዎ አንድ ጣሳ ሰጥተዋት፣ እሷም ለመምህሯ አስረክባው ነበር። ዛሬ እኔ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ መምህርትና ተመራማሪ ናት።

ተመራማሪዎች እንደ ፌስቡክ ያለ የራሳቸው መገናኛ አላቸው። ጥናታቸውን እዚያ ያወጣሉ፤ የሌላውን አንብበው ይጠያየቃሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ «ስንት ሰው አነበበልኝ» እየተባባሉ የሚፎካከሩበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዐፊፋም «የእኔን የዳጉሳ ወሬ ማን ያነበዋል?» እያለች ትሸሸው ነበር። ኅዳር ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ ከሚሻግት ይውጣ ብዬ ወተወትኋትና የድሮ ጥናቷን አብረን አስገባነው። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ሁለት ቀን ፈጀብን። ሌሎች «ገበሬዎችን እናመሰግናለን» ብለው ሲያልፉ፣ እሷ የእርስዎን ስም ከነአገርዎ ከነድባጤ ጽፋ አመስግናዎታለች።

ወር ሳይሞላ ነቀምቴ ያለ ገረሱ የሚባል ተመራማሪ ጻፈላት። ጡረታ ከወጡት መምህሯ የተረከበው አንድ የዳጉሳ ዘር አለው፤ ከረጢቱ ላይ «ማስረሻ፣ ድባጤ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። ማን እንደሆኑ ሳያውቅ ለዓመታት እየዘራ ሲያድሰው ኖሯል። ዐፊፋ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «በ2013 ጎተራችሁ ሲቃጠል የጠፋው ይኸው አይደል?» አለችኝ። አለቀስሁ። እሷም አብራኝ አለቀሰች።

አባቴ፣ ገረሱ ሁለት ኪሎ ላከልን። ጥቂቱን ዐፊፋ በመደብ ዘርታ ሞከረችው፤ አንድም ሳይቀር በቅሏል። እንዲህ ያለች ሰው አላየሁም፤ ለተማሪዎቿ መምህርት ናት፣ ለዘሩ ግን እንደ እናት ጠዋት ማታ ታየዋለች። የቀረውን የአክስቴ ልጅ ይታየው ሰኔ ሳይገባ ያደርስልዎታል። ዐፊፋ አደራ ያለችው፣ ሁሉንም በአንድ ማሳ እንዳይዘሩት ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እኅቴን እታለምን፣ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ንገሩልኝ። ጎረቤታችንን አቶ ዲማን ከነቤተሰባቸው ሰላም በሉልኝ። የእሳቸውም ጎተራ በዚያው ሳምንት ነድዷልና፣ ከዘሩ እኩሌታውን ለእሳቸው ይስፈሩላቸው።

ናፋቂ ልጅዎ የዝናሽ ማስረሻ
አሶሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.